የታመመና የተጎዳ እንስሳን በቤት ማስታመም፦ ከጎንደር አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠኑ ናቸው፤ ይኸውም ከመንገድ የተነሣ ወይም ከመጠለያ የመጣ የታመመ እንስሳን እስኪያገግም ድረስ በመኖሪያ ቤት ማቆየት ነው። ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። መልሱን ያዘጋጁት የአምዱ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ማራኪ አካባቢ በኪራይ ቤት ሲሆን፣ ግቢውን ከአከራዬና ከሌላ አንድ ቤተሰብ ጋር እጋራለሁ። በመንገድ የተጎዱ ውሾችንና ድመቶችን አንሥተው የሚያሳክሙ ወጣቶች፣ ባጃጅ ገጭቷት የኋላ እግሯ የተሰበረ አንዲት ወጣት ውሻ እስክትድን ድረስ እንዳቆይላቸው ጠይቀውኛል። እነርሱ የያዙት ቤት ጠባብና በእንስሳት የተጨናነቀ ነው። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ማወቅ የሚገባኝ ምንድን ነው? (የልጆች እናት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ወጣቶቹ የጠየቁዎት ነገር በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው። የእንስሳት መጠለያዎች እናት የሌላቸውን ግልገሎች፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሡትንና አጥንታቸው የተሰበረውን በፈቃደኛ ሰዎች ቤት እንዲያገግሙ የሚያደርጉት፣ በተጨናነቀ ስፍራ ጩኸቱና ጭንቀቱ የእንስሳውን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክምና የሳንባና የአንጀት ተላላፊ በሽታዎች ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ስለሚዛመቱ ነው። እግሯ የተሰበረ ውሻ ደግሞ ሌሎች ውሾች በሚሯሯጡበት ቤት ዐርፋ ልትተኛ አትችልም። በዚህ በኩል የእርስዎ ቤት ከእነርሱ ቤት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ስለ እግሯ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ክትባቷ ይጠይቁ። መቼና የት እንደ ተገኘች፣ ከተነሣች ወዲህ ሰው ነክሳ እንደ ሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየትኛው ቀንና በየትኛው ክሊኒክ እንደ ተሰጣት በወረቀት እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። በሽታው ወደ ውሻ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ ዛሬ ጤነኛ የምትመስል ውሻ በሽታውን ይዛ ልትሆን ትችላለች፤ ትናንት የተሰጣት ክትባትም ቀድሞ በገባው ቫይረስ ላይ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ የቀድሞ ታሪኳ የማይታወቅ እንስሳ በቤትዎ በምትቆይበት ጊዜ ሁሉ ትንሹ ልጅዎ ያለ አዋቂ ወደ እርሷ መቅረብ የለበትም። የዋህ ብትሆንም እንኳ ሕመም ያለባት ውሻ የሚያማት ቦታ ሲነካ ትነክሳለች፤ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ፊቱ ከውሻ አፍ ጋር እኩል ነው። በእኔ አስተያየት የሚቆለፍ የተለየ ክፍል ከሌለዎት፣ ልጁ ጥቂት እስኪያድግ ድረስ ድመት ወይም የታወቀ ታሪክ ያለው እንስሳ እንዲሰጥዎት ቢጠይቁ ይሻላል። ወጣቶቹ ራሳቸው በየቀኑ የማያውቁትን ውሻ የሚነኩ ስለሆኑ፣ ከመነከስ በፊት የሚሰጠውን ክትባት (በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል) ከጤና ተቋም ጠይቀው ቢወስዱ ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚያ ቤት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት የሞተ ቡችላ አለ ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ተቅማጥ የሚያመጣው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በግቢዎ ያልተከተበ ቡችላ ካለ፣ አዲሷ ውሻ ቢያንስ ለ14 ቀናት ከእርሱ ተለይታ፣ በራሷ የምግብና የውሃ ሳህን፣ በራሷ መጥረጊያ ትቆይ። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል፤ መጀመሪያ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠረጋል። የአፈር ወለል ግን በረኪናውን ስለሚያመክነው እንዲህ ሊጸዳ አይችልም።

ከአከራይዎ ጋር ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። በከተማችን ውሻ በር ጠባቂ ነውና ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚታከም ውሻ ለብዙ ሰው ያልተለመደ ነው። በግቢው ሶላት የሚሰግዱ ወይም ጠበል የሚያስቀምጡ ሰዎች ካሉ፣ ልብሳቸውንና ዕቃቸውን የውሻ ልጋግ እንዳይነካባቸው ስለሚጠነቀቁ፣ ውሻዋ የምትወጣበትን ሰዓትና ቦታ፣ ሰገራዋም የት እንደሚጣል አስቀድመው ቢያስረዷቸው ብዙ ቅያሜ ይቀራል።

አሁን ወደ እግሯ እንምጣ። መጀመሪያ ሐኪም አይቷት ራጅ ተነሥታ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ለሰው እንደሚደረገው ወደ ወጌሻ ተወስዳ በቀርከሃ ከታሰረች ግን ማሰሪያው በሐኪም እስኪታይ ድረስ አይቀበሏት፤ የጠበቀ ማሰሪያ ደም እየከለከለ እግሩን ሲያበሰብስ በተደጋጋሚ አይተናል። ጀሶ የታሰረላት ከሆነ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚታዩት ከጀሶው ጫፍ የሚወጡት ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ናቸው። ጥፍሮቻቸው ጎን ለጎን ተጠጋግተው የነበሩት ከተራራቁ ጣቶቹ እያበጡ ነው ማለት ነው። በእጅ ሲነኩ ከሌላው እግር ይልቅ የቀዘቀዙ ከሆነ፣ ወይም ከጀሶው ሥር ክፉ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ውሻዋ ጀሶውን ያለማቋረጥ የምታኝክ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ትሂድ። ለሽንት ስትወጣ እርጥበት እንዳይገባ ጀሶውን በፌስታል መሸፈን ይቻላል፤ ስትመለስ ግን ፌስታሉ ወዲያው ይውለቅ፤ ከቆየ ውስጡ ያልበዋል፣ ቆዳዋም ይቆስላል።

ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጠው ዕረፍት ነው። ተነሥታ ለመዞር ብቻ በሚበቃት ስፍራ ትቀመጥ፤ ለሽንት በገመድ ተይዛ ወጥታ ወዲያው ትመለስ፤ ደረጃ አትውጣ፤ አልጋና ወንበር ላይ አትዝለል። የቡችላ አጥንት በአንድ ወር ገደማ ሊገጥም ይችላል፤ ያደገች ውሻ ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊያስፈልጋት ይችላል። ትልቁ ፈተና የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ሕመሙ ቀንሶላት መሮጥ ስትጀምር የቤቱ ሰው ሁሉ «ድናለች» ብሎ ይለቃታል፤ ገና ያልጠነከረው አጥንትም እንደገና ይሰበራል። ሕመሟን ለማስታገስ ብለው ከቤት ያለውን የሰው መድኃኒት አይስጧት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት በትንሽ መጠንም ገዳይ ነው።

ጥያቄ፦ አዘዞ ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት የድመት ግልገሎች አግኝተናል። እናታቸው አልታየችም። የላም ወተት በጠብታ እየሰጠናቸው ነው፤ ሆኖም ተቅማጥ ይዟቸዋል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ የላም ወተት ከድመት ወተት ይልቅ ፕሮቲኑና ቅባቱ ያነሰ፣ ላክቶስ የተባለው ስኳር ደግሞ የበዛበት ስለሆነ ግልገሎችን ያስቀምጣል። ነገር ግን ከዚህ በፊት የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እናቲቱ በእርግጥ ጠፍታለች? ድመት ለአደን ወጥታ ለብዙ ሰዓት ልትቆይ ትችላለች፤ ሰው በአጠገባቸው ካለም አትመለስም። ግልገሎቹ ንጹሕና ጸጥ ብለው የተኙ ከነበሩ፣ ጎጇቸው ውስጥ መልሳችሁ ከሩቅ ሆናችሁ ጥቂት ሰዓት ብትጠብቁ መልካም ነበር። ያለማቋረጥ የሚጮኹ፣ የቆሸሹና የቀዘቀዙ ከሆኑ ግን እናት እንደሌላቸው ይቆጠራል።

እናት ከሌላቸው ከምግብ በፊት ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ግልገሎች ግን በመጀመሪያው ሳምንት የአካባቢያቸው ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ራሳቸውን ማሞቅም አይችሉም። ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡላቸው፤ ሲሞቃቸው ወደ ሌላው ጎን የሚሸሹበት ቦታ ሊኖር ይገባል። መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች ይህ ዘዴ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ዋናው ውሃውን ሳይበርድ መቀየር ነው። የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ ስለማይሠራ የተሰጠውን ወተት አይፈጭም፤ ስለዚህ አካሉ እስኪሞቅ ድረስ ምንም አይሰጠው።

ለምግብ የሚመረጠው ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው። እርሱ እስኪገኝ ድረስ ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ፣ ቅባቱ ያልወጣለት የፈላ ወተት ለብ ሲል ከዕንቁላል አስኳል ጋር ተመትቶ ሊሰጥ ይችላል፤ መጠኑን ግን ግልገሎቹን መዝኖ የሚወስነው ሐኪም ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ ሌሊትም ጭምር ይመገባሉ፤ ለዚህ የሚነሣ ሰው በቤታችሁ ከሌለ ከወዲሁ ለሌላ ሰው መስጠት ይሻላል። ሲመገቡ በሆዳቸው ተደፍተው እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባቸው ተይዘው አይሁን፤ ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በለብታ ውሃ በረጠበ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር ቀስ ብሎ ማሸት ያስፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ እናት ምላስ ሽንትና ሰገራ አይወጣቸውም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኗቸው፤ ጤነኛ ግልገል በቀን 10 ግራም ያህል ይጨምራል፤ ክብደቱ ባለበት የቆመ ወይም የቀነሰ ግልገል ቢጫወትም እንኳ ታሟል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የምናስታምመው ድመት ስላለ መጠለያው ወስዶ ለሌላ እንዲሰጠው ቤተሰብ እየገፋፋን ነው። ትክክል ናቸው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ድመቱን ማስወጣት የግድ አይደለም፤ የሚጸዳዳበትን አሸዋ የሚያጸዳው ግን እርስዎ ይሁኑ። ፅንስን ሊጎዳ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ሰገራ የሚወጣ ሲሆን፣ ሰውን ለመያዝ የሚያስችለው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ከተጣለ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ባለቤትዎ ጥሬ ሥጋም ሆነ በደንብ ያልበሰለ ጥብስ ከመብላት ቢቆጠቡ፣ አትክልትም በሚገባ አጥበው ቢበሉ ይመከራል፤ በሽታው በዚህም መንገድ ይመጣልና። ድመቱም ጥሬ ሥጋ አይሰጠው።

ጥያቄ፦ የማስታምማትን ውሻ ቁስል ሳጥብ እጄን ነክሳኝ ደም ወጣ። ተከትባለች ቢሉኝም ወረቀት የላትም። ጎረቤቶቼ እርሷ እንድትገደል፣ እኔም ጠበል እንድገባ እየመከሩኝ ነው። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ለጠያቂያችን በወቅቱ በስልክ መልስ ሰጥተናል፤ ጉዳዩ ለመጽሔት ቀን የሚጠብቅ አይደለም። ነገር ግን ለሌሎችም ስለሚጠቅም እናትመዋለን።

ከንክሻ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ይወስናሉ። ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በሰዓት ካልተለካ ሰው ሁሉ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያቆማል። አይሰፋ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አይደረግበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ስለ ክትባቱ መጠየቅ ነው። ውሻዋ በሕይወት ካለች ለ10 ቀናት ታስራ ትጠበቅ፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ጊዜ ቫይረሱ በልጋጓ ውስጥ አልነበረም ማለት ስለሆነ ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያቆም ይችላል። ውጤቱን ለማየት ብሎ ክትባቱን አለመጀመር ግን አይገባም። ውሻዋ ከተገደለች ይህ ዕድል ይጠፋል፤ የሚቀረው አንጎሏን በላቦራቶሪ ማስመርመር ብቻ ነው።

ጠበልን በተመለከተ፣ መጠመቅ የሚፈልግ ሰው ክትባቱን እየወሰደ ሊጠመቅ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የሚያስፈራው፣ ሰዎች በጠበል ቦታ ወይም የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሰንብተው ወደ ሐኪም ሲመጡ ጊዜው ማለፉ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ የሚገመት ሲሆን፣ ከእነዚህ 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

እንስሳትን ለሚያስታምሙ ሰዎች ለይቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ውሃ ጠጥታለች፣ እብድ አይደለችም» ይላል። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣም ሊዋኝም ይችላል። እንዲሁም ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ አይናከስም። አንዳንዱ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሎ ልጋጉ ይዝረከረካል፤ መዋጥም ያቅተዋል። ይህን ያየ ደግ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰድዳል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲያጋጥም በሩን ዘግቶ ሐኪም መጥራት ብቻ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ ልኳንዳዎች ይዘጋሉ። ከስታ የመጣችልኝን ውሻ በምን ላክርማት? የተረፈ ሽሮና እንጀራ ይበቃታል? (ከአራዳ)

መልስ፦ እንጀራው አይጎዳትም፤ ወጡ ግን ይጎዳታል። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻን፣ ይልቁንም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ለደከመች እንስሳ ይህ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። በጾሙ ወራት ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቂንጬ ከተቀቀለ ዕንቁላል ጋር፣ ወይም ከጣና የሚመጣው ዓሣ ተቀቅሎ አጥንቱ በጥንቃቄ ወጥቶ ሊሰጣት ይችላል። ለድመት ግን እህል ብቻውን አይሆንም፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ ወይም ያለ ዕንቁላል ልትኖር አትችልም። ሁለት ቀን ምግብ እምቢ ያለች ድመትም ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ሐኪም ትወሰድ።

እጅግ የከሳች ውሻ በመጀመሪያው ቀን እንድትጠግብ አይደረግም። ባዶ ሆኖ የከረመ ሰውነት በድንገት ሲሞላ የደም ውስጥ ማዕድናት ሚዛን ተዛብቶ ልትሞት ትችላለች። በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ጥቂት በጥቂት እየሰጡ በቀናት ውስጥ መጨመር ነው። ጾሙ ሲፈታና በየግቢው በግና በሬ ሲታረድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አይጣል። ውሻው ያን በልቶ የሚይዘው ትንሽ የሆድ ትል፣ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢት ያለበት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ጤነኛ የሚመስለውም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀል። የሆድ ትላትል መድኃኒትም ውሻዋ በገባችበት ሳምንት ትውሰድ።

ጥያቄ፦ ጌታው የተወው፣ ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ በመንገድ ዳር ቆሟል። ወደ ግቢዬ ላስገባው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ በግቢዎ ሌላ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ካለ ሐኪም ሳያየው አያስገቡት። በእግሩና በአንገቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ካሉና መግል የሚያወጡ ከሆነ፣ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። የጭነት ወይም የጋሪ ቁስል ብቻ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ከጨው ጋር አፍልተው ካቀዘቀዙ በኋላ ያጥቡለት፤ የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ ውሃ ፈጽሞ አይደረግበት። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ቶሎ የሚጠቃ እንስሳ በመሆኑ ስለ መከላከያ መርፌው ሐኪሙን ይጠይቁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማዋ መኖሩ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ትልቅ ዕድል ነው። እግሩ ሊድን በማይችልበት ሁኔታ የተሰበረ ከሆነ ግን፣ ሐኪም በመርፌ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው መፍቀድ በመንገድ ዳር ጅብ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአደራ የተቀበልኳት ውሻ ድናለች። ወጣቶቹ ቦታ የለንም ብለው ሊወስዷት አልቻሉም፤ ልጆቼም እንዳትሄድ ያለቅሳሉ። (ከማራኪ)

መልስ፦ ከሁለት አንዱን በዚህ ሳምንት ይወስኑ። የምትቀር ከሆነ የእርስዎ ውሻ ሆናለች፤ እንድትመክን ይደረግ፣ የእብድ ውሻ ክትባቷም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይታደስ። ይህ ማለት ግን ሌላ የታመመ እንስሳ የምታርፍበት ክፍል ተይዟል ማለት ነውና፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሲመጣልዎት እሺ አይበሉ። በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት በሽተኛ የሚደርብ ሰው ቤቱን ያንኑ የተጨናነቀ መጠለያ ያደርገዋል።

የማትቀር ከሆነ፣ ወደ መንገድ መመለስ የምትችለው በአራት እግሯ ሳታነክስ የምትሮጥ፣ የተከተበችና የመከነች ከሆነች ብቻ ነው። የምትለቀቀውም በተነሣችበት ሰፈር ይሁን፤ በማታውቀው ሰፈር ከተጣለች የዚያ አካባቢ ውሾች ተባብረው ይነክሷታል። የምታነክስ ከሆነ ግን በር የሚጠብቅላቸው ውሻ የሚፈልጉ ቤተሰቦችን በጎረቤትና በዕድር በኩል ያፈላልጉ። ለሚወስዳት ሰው ክትባቷ የተሰጠበትን ቀን፣ የወሰደችውን የትላትል መድኃኒት፣ የትኛው እግሯ ተሰብሮ እንደ ነበረና ሲነካ የሚያማትን ቦታ በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ሰው ነክሳ ከሆነም ሳይደብቁ ይጻፉ። ወደፊት ሌላ እንስሳ ከመቀበልዎ በፊት ደግሞ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ በሌሊት ችግር ሲፈጠር ለማን እንደሚደወልና እንስሳው በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ ከወጣቶቹ ጋር ተፈራርመው ይያዙ።